ከኮሃ እንጀራ ማግኘት፦ የቤተ መጻሕፍት ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ይዞ ሥራ ለመጀመር ዝርዝር መመሪያ

ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ከሆነ ደንበኛ ለምን ይከፍላል? ኮዱን ማንም ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይችላል። ሠላሳ ሺህ የመጽሐፍ መዝገብ ከኤክሴል አጽድቶ የሚያስገባ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ርዕስ ሲፈለግ እንዲገኝ የሚያደርግ፣ ሰኞ ጠዋት የውሰት ጠረጴዛው ሲቆም ስልክ አንስቶ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ግን አይወርድም። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አሥር ሶፍትዌር አይዘረዝርም፤ አንዱን ይዞ እስከ ታች ይወርዳል። አንድ ሶፍትዌር ከአገራችን ፊደል፣ ስምና የቀን አቆጣጠር ጋር የሚጋጭበትን ቦታ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው፣ ሃያውን በጥቂቱ ከሚያውቅ ይልቅ ሥራ ያገኛል።

የመረጥነው ኮሃ ነው፤ የቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ፣ ውሰትና የተበዳሪዎች መዝገብ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀምበት የነበረው አሮጌ ሶፍትዌር 2000ን መሻገር ስለማይችል፣ ካቲፖ ኮሙኒኬሽንስ የተባለ ድርጅት አዲስ ጻፈለት። በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ፣ ኮዱም ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ለሁሉም ተለቀቀ። ዛሬ በኢትዮጵያ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል፤ ገና በካርድ ወይም በኤክሴል የሚሠሩ ኮሌጆች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የመሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍትም ጥቂት አይደሉም።

1. የምትሸጡትን ለዩ

መጫን ብቻውን ሥራ አይደለም። ዲቢያን ወይም ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ኮሃን መጫን ለለመደው ሰው የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ የደንበኛው የአይቲ ክፍልም ሊሞክረው ይችላል። ዋጋችሁን በመጫን ላይ ከመሠረታችሁ በሁለተኛው ዓመት አትፈለጉም።

የአንድ ጊዜ ትልቁ ገቢ የመረጃ ዝውውር ነው፤ አሮጌውን መዝገብ ማጽዳት፣ ወደ ማርክ 21 (የመጽሐፍ መዝገብ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች ወደሚጻፍበት ዓለም አቀፍ አሠራር) መቀየርና ማስገባት። የሚያኖራችሁ ግን ዓመታዊ የድጋፍ ውል ነው። ሥልጠና፣ ልዩ ሪፖርቶች፣ ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) እና በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ማስተናገድ (ሆስቲንግ) በመካከል ይመጣሉ። አነስተኛ ትምህርት ቤት የራሱ ሰርቨርም የአይቲ ባለሙያም ስለሌለው ለመስተንግዶ ይመቻል፤ ዩኒቨርሲቲ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ በግቢው እንዲቀመጥ ይፈልጋል።

2. ፈቃዱን ከመዋዋላችሁ በፊት እወቁት

ኮሃ የሚሰራጨው በጂፒኤል ሥሪት 3 ወይም ከዚያ በኋላ በሚወጣው ፈቃድ ነው። ለአገልግሎት፣ ለማስተካከያም ሆነ ቅጂውን ለማድረስ ገንዘብ መጠየቅ ይፈቀዳል። ያሻሻላችሁትን ኮድ በደንበኛው ሰርቨር ላይ ካስቀመጣችሁ ግን ደንበኛው ምንጩን የማግኘት፣ የመለወጥና ለሌላ የመስጠት ሙሉ መብት አለው። «ኮዱ የእኛ ነው፣ ለሌላ አታሳዩ» የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለ ፈቃዱን ይጥሳል። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አስቀምጣችሁ በኢንተርኔት ብቻ የምታገለግሉ ከሆነ ጂፒኤል ማሻሻያችሁን እንድታስረክቡ አያስገድድም። በዚህ ረገድ፣ በኢንተርኔት ብቻ ሲያገለግሉም ኮዱን መስጠት ከሚያስገድደው ከኤጂፒኤል ፈቃድ ይለያል፤ ሌላ ሶፍትዌር ስትጨምሩ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ስለዚህ «ኦፕን ሶርስ ባለቤት የለውም» የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ባለቤት አለው፤ ፈቃዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፣ በቅድመ ሁኔታ። ስሙ ደግሞ ከኮዱ የተለየ ጉዳይ ነው። በኮሃ ስም የንግድ ምልክት ላይ በኒውዚላንድ ክርክር ተነሥቶ የተፈረደው ለሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ነው። ድርጅታችሁን «ኮሃ ኢትዮጵያ» አትበሉት፤ «ለኮሃ ተጠቃሚዎች ድጋፍ እንሰጣለን» ማለት ይበቃል።

3. ከደንበኛ በፊት በራሳችሁ ቤት አፍርሱ

4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ለልምምድ ይበቃል። ዲቢያን ጫኑና ኮሃን ከፕሮጀክቱ የዲቢያን ማከማቻ አውርዱ እንጂ ከምንጭ ኮድ በእጅ አትገንቡ፤ በእጅ የተገነባ ኮሃ ሲሻሻል ያስቸግራል። ከዚያ ዜድ 39.50 በተባለው የቤተ መጻሕፍት መዝገብ መለዋወጫ ዘዴ አማካይነት ከአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ሺህ ያህል እውነተኛ መዝገብ አምጡ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። መቶ የፈጠራ ተበዳሪ ጨምሩ፣ አውሱ፣ መልሱ፣ ቅጣት አስከፍሉ።

ቀጥሎ ሆን ብላችሁ አበላሹት። ዳታቤዙን ሰርዛችሁ ከባክአፕ መልሱ። ከአንድ ሥሪት ወደ ቀጣዩ አሻሽሉ። ኮሃ በየዓመቱ በሜይና በኖቬምበር ሁለት ዋና ሥሪት ያወጣል፣ ቁጥሩም ዓመትና ወር ነው፤ 24.05 ማለት የ2024 የሜይ ሥሪት ነው። በየወሩ ደግሞ የጥገና ሥሪት ይወጣል። ይህን ሁሉ ሳታዩ በደንበኛ ቤት ሥራ አትጀምሩ። የምትማሩበት ሰርቨር የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር መሆን የለበትም።

4. ዋጋ ከመናገር በፊት ቅኝት አድርጉ

«ስንት ያስከፍላል?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ስልክ ይመጣል። መልሱ ከቅኝት በኋላ ነው፤ ለቅኝቱም ቢያንስ ሁለት ቀን ስጡ። መጀመሪያ የርዕስና የቅጂ ብዛትን ለዩ። «አርባ ሺህ መጽሐፍ አለን» የሚል ቤተ መጻሕፍት ምናልባት ዘጠኝ ሺህ ርዕስ ብቻ ይኖረዋል። ከዚያ ያለውን ፋይል ውሰዱና ከመካከሉ በዕጣ 200 ረድፍ አውጡ፤ ከላይ ያሉት ረድፎች ሁልጊዜ ንጹሕ ስለሆኑ ያሳስታሉ። እያንዳንዱን ረድፍ ለማስተካከል የወሰደባችሁን ደቂቃ ያዙ። የመላው ሥራ ግምት ከዚህ ይወጣል።

በተጨማሪ የሚከተሉትን ጠይቁ፦ ባርኮድ ተለጥፏል ወይ? የተማሪ ዝርዝር ከሬጅስትራር በምን ዓይነት ፋይል ይመጣል? ኢሜይል የሚላክበት ሰርቨር አለ? መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚይዝ ዩፒኤስ አለ? ጄነሬተሩ እስኪነሣስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል የሚወስነው አንድ ሰው ማነው? ይህ ሰው በስሙ ካልታወቀ ሥራው በኮሚቴ ስብሰባ መካከል ይቀራል።

5. መሠረቱን ማስቀመጥ

እስከ ሃምሳ ሺህ ርዕስ ላለው ቤተ መጻሕፍት 4 ኮር፣ 8 ጊጋ ራም፣ በጥንድ የሚሠሩ ሁለት ኤስኤስዲ ዲስኮችና ዩፒኤስ ይበቃሉ። ውድ ሰርቨር ከማስገዛት ይልቅ ለሁለተኛ የባክአፕ ማሽን ገንዘቡን አውሉት። የሠራተኞች ገጽና የአንባቢዎች ገጽ በተለያየ አድራሻ ይሁኑ፤ የሠራተኞቹ ከግቢው ኔትወርክ ውጭ አይከፈት። የአንባቢዎቹ ገጽ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ገጾችን በብዛት የሚለቅሙ ሮቦቶች ስለሚያጨናንቁት የጥያቄ ብዛት ገደብ አበጁለት።

መጀመሪያ የሚገባው በዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም ነው። ወዲያው ሙሉ ሥልጣን ያለው የሰው መለያ ፍጠሩና ከዚያ በኋላ በዳታቤዝ ስም አትግቡ። የአማርኛ ገጽታ ትርጉም አለ፤ ለደንበኛ ከማሳየታችሁ በፊት ያልተተረጎሙ ቦታዎችን ተመልከቱና በፕሮጀክቱ የትርጉም መድረክ ላይ ሞሉ። ሥራው ለሁሉም ይጠቅማል፣ ስማችሁም ይታወቃል።

6. መረጃ ማዛወር

ብዙ ፕሮጀክት የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሂዱ።

የመጀመሪያው አደጋ ፊደሉ ነው። አሮጌ የአማርኛ ፋይሎች ብዙዎቹ የተጻፉት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ ፎንቶች ነው። በዓይን አማርኛ ይመስላሉ፣ ከሥር ግን የላቲን ምልክቶች ናቸው፤ ፎንቱ ሲነሣ ትርጉም የሌለው ዝርዝር ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ፋይል በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መዞር አለበት፤ ከተቀየረ በኋላም በናሙና ይነበብ። ሁለተኛው ደግሞ ኤክሴልን ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ስታስቀምጡ የዩኒኮድ አጻጻፍ የሆነውን ዩቲኤፍ-8 ካልመረጣችሁ የግዕዝ ፊደል ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ይህ የማሳያ ችግር አይደለም፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ዋናውን ፋይል ለንባብ ብቻ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡ።

ሦስተኛው የባርኮድ ዓምድ ነው። ኤክሴል ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላል፣ ረጅሙን ቁጥር ደግሞ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳጥረዋል። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ወደ ኤክሴል ስታስገቡት ዓምዱን ጽሑፍ አድርጉት። አዲስ ባርኮድ የምታሳትሙ ከሆነ ቁጥር ብቻ ይሁን። የዩኤስቢ ባርኮድ አንባቢ ለኮምፒዩተሩ እንደ ኪቦርድ ስለሆነ፣ ሠራተኛው አማርኛ መጻፊያውን ከፍቶ ከተወው በባርኮዱ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደላት ወደ ግዕዝ ይለወጡና «መጽሐፉ አልተገኘም» ይላል።

ከዚያ ማጽዳት ይመጣል። ኦፕን ሪፋይን የተባለው ኦፕን ሶርስ መሣሪያ ተመሳሳይ አጻጻፎችን በቡድን ስለሚያሳይ «አዲስ አበባ» እና «አዲስ አባባ» የሚሉትን በአንዴ ታስተካክላላችሁ። በኤክሴል እያንዳንዱ ቅጂ አንድ ረድፍ ከሆነ በርዕስ፣ በደራሲና በዓመት አንድ ላይ አስሩት፤ ካልሆነ አርባ ቅጂ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ አርባ የተለያየ መዝገብ ሆኖ ይገባል። በአይኤስቢኤን ብቻ ማዛመድ አይበቃም፣ አሮጌ የአገር ውስጥ መጻሕፍት ቁጥሩ የላቸውምና።

የማርክ መስኮችን ስትደለድሉ ርዕስ ወደ 245፣ ደራሲ ወደ 100፣ የኅትመት መረጃ ወደ 264፣ ርዕሰ ጉዳይ ወደ 650 ይሄዳል። ኮሃ የቅጂውን መረጃ የሚያነበው ከ952 ነው፤ እዚያ ውስጥ በላቲን ፊደል ከተሰየሙት ንዑስ መስኮች ፒ ባርኮድ፣ ኦ የመደርደሪያ ቁጥር፣ ኤ እና ቢ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ዋይ የቅጂው ዓይነት ነው። ኤ፣ ቢ ወይም ዋይ ባዶ ከቀረ፣ ወይም ኮዱ በኮሃ ውስጥ አስቀድሞ ካልተመዘገበ፣ ርዕሱ ገብቶ ቅጂው ይቀራል አለዚያም ለውሰት አይሆንም።

የኢትዮጵያውያን ስም ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። አባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ «አበበ ከበደ» በራሱ ቅደም ተከተል ይገባል፣ የ100 መስክ የመጀመሪያው አመልካችም 0 ይሆናል። ከውጭ የተገለበጡ ወይም በፈረንጅ አሠራር የሠለጠነ ሰው የሞላቸው ረድፎች ግን «ከበደ፣ አበበ» ይላሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ይሆናል። ዝርዝሩን አውጡና ከካታሎግ ባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ አንዱን ሥርዓት ምረጡ። ከውጭ የሚመጡ የአማርኛ መጻሕፍት መዝገቦች ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል የተጻፉ ስለሆኑ፣ የግዕዙን አጻጻፍ በ880 መስክ ጨምራችሁ ከዋናው ጋር አያይዙት። የኅትመት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ እንደታተመ ጻፉትና የጎርጎርዮሳዊውን አቻ በማዕዘን ቅንፍ ጨምሩ፤ ለመደርደርና ለማጣራት በሚያገለግለው 008 መስክ ግን ጎርጎርዮሳዊው ብቻ ይግባ።

ለማስገባት መጀመሪያ 200 መዝገብ ብቻ ላኩና የካታሎግ ኃላፊው አይቶ ይፈርም። ከዚያ በ5,000 እየከፈላችሁ ቀጥሉ። ኮሃ መዝገቡን በማቆያ ካስገባ በኋላ ወደ ካታሎግ ያሳልፋል፤ የተሳሳተ ቡድን ካለፈም መልሶ መሰረዝ ይቻላል። ይህ የሚጠቅመው ግን ቅጂዎቹ መዋስ ከመጀመራቸው በፊት ነው፤ ስለዚህ ዝውውሩ ሳያልቅ የውሰት ጠረጴዛው አይከፈት።

7. በግዕዝ ፊደል ፍለጋ

ብዙ ተቋማት ኮሃን ጭነው «አማርኛ አይፈልግም» ብለው የተዉት በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔውም አለ። ዜብራ የተባለው የፍለጋ ሞተር በመነሻ አሠራሩ የሚጠቀመው የፊደል ሠንጠረዥ የተዘጋጀው በዋናነት ለላቲን ነው። በዜብራ የመረጃ ጠቋሚ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያንን ሠንጠረዥ በአይሲዩ (የዩኒኮድ ፊደላትን ሁሉ በሚያውቅ የጽሑፍ ማቀናበሪያ) የደንብ ሰንሰለት ተኩና ጠቋሚውን ሙሉ በሙሉ እንደገና ገንቡ። ካልገነባችሁት ለውጡ የሚታየው በአዲስ መዝገቦች ላይ ብቻ ነው፣ «ግማሹ ይገኛል፣ ግማሹ አይገኝም» የሚል ቅሬታም ያስከትላል። በዜብራ ፋንታ ኢላስቲክሰርች የተባለውን የፍለጋ ሞተር ከመረጣችሁ የአይሲዩ ተጨማሪው መጫኑን አረጋግጡ።

ቀጥሎ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንዱ «ሃይማኖት» ብሎ ይፈልጋል፣ መጽሐፉ «ሐይማኖት» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአይሲዩ ሰንሰለት ውስጥ የመለወጫ ደንብ ጨምሩ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዱ በሰባቱም ድምፅ። ይህ 35 ደንብ ነው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ የሚሉትን ጨምሩና ሓ፣ ኃ እና ዓም እዚያው ግዕዙ ላይ እንዲያርፉ አድርጉ፤ በጠቅላላው 37 ይሆናል። እንደ ሧ እና ሷ፣ ጐ እና ጎ፣ ቈ እና ቆ፣ ኰ እና ኮ ያሉትን ጥንዶችም አትርሱ። በአሮጌ ርዕሶች በቃላት መካከል የሚገባውን ሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ ለውጡ። ደንቡ ለጠቋሚውም ለጠያቂው ቃልም እኩል ስለሚሠራ፣ ሰው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ይገናኛል።

መዝገቡን ራሱን ግን አትንኩ። ደራሲው በ«ሠ» ከጻፈ በ«ሠ» ይቆይ፤ ፊደላቱ አንድ የሚሆኑት በጠቋሚው ውስጥ ብቻ ነው። በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የድምፅ ልዩነት ስላላቸው፣ ብዙ የትግርኛ መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት ይህን ደንብ ከማስገባቱ በፊት ይመከርበት፤ ከተፈለገው በላይ ውጤት ያመጣል።

«የኢትዮጵያ» እና «ኢትዮጵያ» የሚለያዩበት የቅድመ ቅጥያ ችግር በእነዚህ ደንቦች አይፈታም። ተግባራዊው መንገድ ርዕሰ ጉዳዮችን በ650 ላይ ያለ ቅጥያ መመዝገብ ነው፤ አንባቢ «ኢትዮጵያ» ሲል በርዕሱ ባይደርስ በርዕሰ ጉዳዩ ይደርሳል።

በመጽሐፍ ጀርባ የሚለጠፈውን መለያ ስታትሙ የአማርኛው ርዕስ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ፣ ለፒዲኤፍ የተሰየመው ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ፈቃድ ይገኛሉ፤ ጫኑና በኮሃ ዋና ማዋቀሪያ ፋይል የፎንት ክፍል ውስጥ ቦታውን ተኩ።

8. በዓላትና የመመለሻ ቀን

ኮሃ የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው። በዓላትን በቀን መቁጠሪያው ካላስገባችሁ መመለሻው ዝግ ቀን ላይ ይወድቃል፣ ቅጣትም ይቆጠራል፣ ጠብ ይነሣል። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ በየዓመቱ የሚደጋገም አድርጋችሁ ሙሉት። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ጥምቀት ግን ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ በአንድ ቀን ይገፋሉ፤ በ2023 አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። እነዚህን፣ ፋሲካንና የእስልምና በዓላትን በየዓመቱ ለየብቻ አስገቡ። ሥራው ሃያ ደቂቃ ነው፤ በዓመታዊ የድጋፍ ውላችሁ ውስጥ በስም ጻፉት፣ ደንበኛው የሚያየው ነገር ነውና።

9. ዋጋና ውል

ዋጋ ከሰዓት ይነሣል። ለምሳሌ የኑሮና የቢሮ ወጪያችሁ በወር 70,000 ብር ነው እንበል። ለደንበኛ የሚቆጠር ሥራ ግን በወር ከ80 ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረው በፕሮፎርማ፣ በጉዞ፣ ክፍያ በመጠየቅና በመማር ያልፋል። አንዱ ሰዓት 875 ብር ይመጣል። ለግብር፣ ለመሣሪያና ሥራ ለሌለበት ወር 40 በመቶ ስትጨምሩ 1,225 ብር ይሆናል። ሠላሳ ሺህ ረድፍ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለቅኝት 16፣ ለሰርቨር 16፣ ለመረጃ 120፣ ለሥልጠና 40፣ ከተከፈተ በኋላ ላለው ወር 40፣ በድምሩ 232 ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም 284,200 ብር ነው። በወር 6 ሰዓት የሚወስድ የድጋፍ ውል በዓመት 88,200 ብር ያስገኛል። በዚህ ስሌት በዓመት ሁለት ሙሉ ፕሮጀክትና ሰባት የድጋፍ ውል ይዞ መኖር ይቻላል፤ ሰዓቱም 968 ነው፣ ካላችሁ 960 ጋር ይቀራረባል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ወጪ ተኩ፣ አካሄዱን ግን አትዝለሉ። ተፎካካሪ የጠራውን ዋጋ አይቶ ከዚያ በታች መጥራት በሥራው አጋማሽ ላይ ያስቆማል።

በውሉ ላይ የረድፍ ብዛት በቁጥር ይጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 1,000 ረድፍም ዋጋ ይኑረው። ክፍያው 30 በመቶ ሲፈረም፣ 40 በመቶ መረጃው ገብቶ ሲረጋገጥ፣ 30 በመቶ በርክክብ ቢሆን ይመረጣል። ርክክብ ማለት ምን እንደሆነ በፈተና ግለጹት፦ «በዕጣ ከሚወጡ 100 መጻሕፍት 98ቱ በርዕስና በባርኮድ ይገኛሉ» ማለት «ሲስተሙ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» ከማለት ይሻላል። ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሲቆም በ4 የሥራ ሰዓት፣ ለሌላው በ2 ቀን ምላሽ እንደምትሰጡ አስፍሩ። የማይካተተውንም ጻፉ፤ የኔትወርክ ዝርጋታ፣ የኮምፒዩተር ቫይረስና የመብራት ብልሽት የእናንተ አይደሉም። መረጃውና የይለፍ ቃሎቹ የቤተ መጻሕፍቱ መሆናቸው በግልጽ ይቀመጥ። የተበዳሪዎች መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥር ስለሚወድቅ፣ የተማሪ ዝርዝር በግል ፍላሽ ወይም በቴሌግራም አይዘዋወር።

ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይኖር ከመንግሥት ተቋም ጋር መሥራት አይቻልም። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገባችሁ 15 በመቶውን ከዋጋው በላይ ለይታችሁ ጻፉ፤ ከፋዩ ተቋም ቅድመ ግብር ቀንሶ ስለሚከፍል ደረሰኙን ጠይቃችሁ አስቀምጡ፣ በዓመቱ መጨረሻ ይታሰባል። ጨረታ ከሆነ የማስከበሪያ ሲፒኦና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ገንዘብ ያስራሉ፤ ቅድሚያ ክፍያም በዋስትና ነው የሚሰጠው። ይህን ሳያሰሉ የገቡ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ሥራ አሸንፈው በእጅ ገንዘብ እጥረት ይቆማሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የድጋፍ ውል የሚገባው በጀት ሲዘጋጅ ስለሆነ የዋጋ ማቅረቢያችሁ አስቀድሞ በበጀት ጥያቄው ውስጥ ይግባ፤ ሰኔ ላይ የሚቀርብ አዲስ ሐሳብ ገንዘብ አያገኝም።

10. ከርክክብ በኋላ

ሥልጠናውን በሥራ ክፍል ለዩት፦ ለካታሎግ ባለሙያዎች አምስት ቀን፣ ለውሰት ሠራተኞች ሁለት ቀን፣ ለአይቲ ሦስት ቀን። የአይቲው ሥልጠና ማለቂያ አንድ ነው፤ ሠልጣኙ እናንተ ሳትነኩት ከባክአፕ ሲስተሙን ያስነሣል።

ባክአፕ የተለየ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ኮሃ ከጥቅሉ ጋር በየቀኑ ባክአፕ እንዲወስድ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ በመነሻው ግን የሚያስቀምጠው የሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በዚያው ሰርቨር ላይ። ዲስኩ ሲሞት ባክአፑም አብሮ ይሞታል። ዓርብ የተበላሸ ነገር ሰኞ ቢታወቅ ደግሞ ጤነኛው ቅጂ ተሰርዟል። የሚቆይበትን ወደ 30 ቀን አሳድጉ፣ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ይቀዳ፣ በወር አንድ ጊዜም በልምምድ ማሽን ላይ መልሳችሁ አንድ መጽሐፍ አውሱበት።

በየስድስት ወሩ ማሻሻል አያስፈልግም፣ ሦስት ዓመት መተውም አይገባም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተማሪ በሌለበት በነሐሴ፣ መጀመሪያ በቅጂ ላይ ሞክራችሁ አሻሽሉ። የኮሃን ዋና ኮድ በቀጥታ የለወጠ ሰው በዚህ ቀን ይቸገራል፤ ማሻሻያው ለውጡን ይደመስሰዋል። ልዩ ፍላጎት ሲመጣ መጀመሪያ በማዋቀሪያ፣ ቀጥሎ በሪፖርት፣ ከዚያ በፕለጊን ፍቱት። ለሁሉም የሚጠቅም ከሆነ ደግሞ ለፕሮጀክቱ ላኩት። ፓች (ለኮዱ የተላከ ማስተካከያ) የሚያልፈው ሌላ ሰው ሞክሮ ሲያረጋግጠው፣ ከዚያም የጥራት ቡድኑ ሲፈትሸው ነው፤ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ለደንበኛ «በሚቀጥለው ሥሪት ይገባል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የሌሎችን ፓች መፈተሽ ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ መግቢያ በር ነው። በአሜሪካ ባይዎተር ሶሉሽንስ፣ በፈረንሳይ ቢብሊብር፣ በኒውዚላንድ ካታሊስት የሚኖሩት ከዚሁ ሥራ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ድርጅት ለመቀጠር በውጭ አገር ያላችሁም ሆነ ከአዲስ አበባ የምትሠሩ፣ በአደባባይ የሚታይ የፓች ታሪክ ከማንኛውም የትምህርት ማስረጃ በላይ ይናገርላችኋል። የኮሃ ድረ ገጽ በየአገሩ ክፍያ ተቀብለው ድጋፍ የሚሰጡትን ስለሚዘረዝር እዚያ ተመዝገቡ።

11. ሁለተኛ ሶፍትዌር ስትጨምሩ

ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ውል ሳይኖራችሁ አትጨምሩ። በዚሁ ደንበኛ ቤት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ነው፣ ለዚህም ዲስፔስ አለ፤ በኤምአይቲና በኤችፒ ተሠርቶ በ2002 የተለቀቀ፣ በቢኤስዲ ፈቃድ የሚሰራጭ ነው። ከሥሪት 7 ጀምሮ የፊት ገጹና የኋላ ክፍሉ የተለያዩ ፕሮግራሞች ስለሆኑ ከኮሃ ጋር በአንድ 8 ጊጋ ማሽን ላይ አታጭቁት፤ የራሱ ሰርቨር ስጡት። ሙድል የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ሶፍትዌር ከተጠየቃችሁ ኮዱ ጂፒኤል ስለሆነ መጫንና ማስተናገድ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። በዚያ ስም የመስተንግዶና የድጋፍ አገልግሎትን ማስተዋወቅ የተፈቀደው ለተመሰከረላቸው አጋሮች ስለሆነ፣ በማስታወቂያችሁና በዋጋ ማቅረቢያችሁ ርዕስ ላይ «የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ዝግጅትና ድጋፍ» ብላችሁ ጻፉ።